ግጭት አልተመዘገበም

ሄራን ዱካሞ ጉልበቷ ሲበጠስ ድምፁን በጆሮዋ ሰማችው። በጨርቅ የተጠቀለለ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ማንም አልነካትም። የሐዋሳ ሴቶች ኳስ ተነጥቀው ጨዋታው ድንገት ወደ ኋላ ሲገለበጥ፣ የመሀል ዳኛዋ ሄራን እንደ ወትሮዋ ለመዞር ቀኝ እግሯን ተከለች፤ ገላዋ ዞረ፣ እግሯ ግን በተተከለበት ቀረ። ጭኗና ባቷ ለአንድ አፍታ የሁለት ሰው አካል መሰሏት። ከዚያ ሣሩ ላይ ተደፋች።

"ግጭት አልተመዘገበም" አለ ጆሮዋ ውስጥ ያለው ድምፅ። "ጉዳት የለም። ይቀጥሉ።"

ድምፁ የመዛኙ ነው፤ ሰውንም ጨዋታንም የሚለካው ማሽን። በዚያ ዘመን ሜዳ ላይ የሚወሰነውን ሁሉ የሚወስነው መዛኙ ነበር፤ ከጨዋታ ውጪውን፣ ቅጣት ምቱን፣ ካርዱን፣ የባከነውን ሰዓት። የሄራን ሥራ መሮጥና ንፊ ስትባል ፊሽካ መንፋት ነው። ታዲያ ሰው ለምን አስፈለገ የሚል እንግዳ ካለ መልሱ አጭር ነበር። አንድ ሰሞን ያለ ሰው ዳኛ ተሞክሮ ስታዲየሙ ባዶውን ቀረ። ተመልካች ማሽን መስደብ አልሆነለትም፤ ስድቡ የሚያርፍበት ፊት አጣ። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ደንብ አወጣ። የሰው ዳኛ ሜዳ መሀል ሆኖ ፊሽካ ካልነፋ ጨዋታ አይጀመርም፣ ከቆመም አይቀጥልም። ሄራን ስለ ሥራዋ ሲጠይቋት "ለመሰደብ እሮጣለሁ" ትል ነበር። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ግን ቀልድ አልነበረም።

እንደምንም ተነሣች። ቀኝ እግሯን መሬት ስታስነካው ጉልበቷ የሌላ ሰው ሆነባት። የሐዋሳ ቡድን ወጌሻ መስመሩ ዳር ቆሞ ክንዱ ላይ የታሰረውን፣ መዛኙ የሰውን ጤና በቀለም የሚያሳይበትን ሰሌዳ ይመለከታል። በድሮ ጊዜ ወጌሻ ውሃና ፋሻ ይዞ ይሮጥ ነበር ይባላል። የዛሬው ወጌሻ ያነባል።

"ንባብሽ አረንጓዴ ነው!" ብሎ ጮኸላት።

"ጉልበቴ ግን አይደለም!"

ቀልድ መስሎት ሳቀ።

የቀረውን ጨዋታ መሀል ሜዳው ክብ ውስጥ እንደ ችካል ተተክላ አሳለፈችው። መዛኙ ንፊ ሲላት ነፋች፣ ጠቁሚ ሲላት ጠቆመች። ተመልካቹ ዕድሉን አላባከነም። አንዱ "አክስቴ፣ ወንበር ይምጣልሽ?" ሲል ሌላው "ተዋት፣ ሐውልቷን እያስለመደችን ነው!" ብሎ መለሰለት፤ መላው ጥላ ፎቅ በሳቅ ፈረሰ።

መልበሻ ክፍል ገብታ ካልሲዋን ስታወርድ የመስመር ዳኛው ኬብሮን አጠገቧ ነበር። ኬብሮን አብሯት ብዙ ዘመን የሠራ፣ ሰው የማያስቀይም፣ ባንዲራውን እንኳ ሲያውለበልብ ይቅርታ የሚጠይቅ የሚመስል ሰው ነው። ጉልበቷ ካሁኑ አብጦ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፤ የጉልበቷ ሎሚ የት እንደገባ አይታወቅም።

ኬብሮን አየና ዐይኑን መለሰ። "ግድ የለም፣ ነገ ንባቡ ይስተካከላል" አላት።

"ንባቡ ነው ወይስ ጉልበቴ ነው የሚስተካከለው?"

"ያው አይደል እንዴ?"

ሄራን ኬብሮንን ትወደው ነበር። በዚያች ቅጽበት ግን ናቀችው፤ ንቀቱም ሕመሙን ቀለል አደረገላት።

በማግስቱ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ያለው መስተዋት እንደ ልማዱ "እንኳን ደስ አለዎት፣ ጤነኛ ነዎት" አላት። ፊቷን ታጥባ፣ ሁለት እጇን ግድግዳ አስይዛ ወጣች። ደረጃው ላይ ጎረቤቷ አገኘቻት።

"ንባብሽ እንዴት አደረ?"

"አረንጓዴ።"

"ተመስገን!" አለች ጎረቤቷ፤ ሄራን ደረጃውን በመቀመጫዋ እየወረደች መሆኑን እያየች፣ በጎኗ አልፋት ሄደች። "እንዴት አደርሽ" የሚባለው ሰላምታ ከተማው ውስጥ ከቀረ ቆይቷል። የሚጠየቀው ንባብ ነው፤ ሰውየው እንዴት እንዳደረ መጠየቅ የጨዋ ልጅ ወግ አይደለም።

አውቶቡሱ ውስጥ ለታመመ ሰው የሚዘረጋ መቀመጫ አለ፤ የሚዘረጋው ግን ንባቡ ቀይ ለሆነ ብቻ ነው። አንድ ወጣት ተዝናንቶ ተቀምጦበታል። ሄራን በአንድ እግሯ ብረት ይዛ ስትወዛወዝ አይቶ ሐፍረት ቢጤ ተሰማው።

"ይቅርታ፣ እኔ እንኳ ምንም አይሰማኝም" አላት። "ግን ከትናንት ጀምሮ ቀይ ነኝ።"

"ታዲያ ተነሣልኝ።"

"ብነሣ መቀመጫው ይታጠፋል።"

እውነቱን ነው፤ ይታጠፋል። ስለዚህ ጤነኛው ተቀምጦ፣ ጉዳተኛዋ ቆማ፣ ሁለቱም በትዕግሥት ተጓዙ።

ንባብ ቤቱ ድሮ ሆስፒታል ነበር። ሕንፃው ያው ነው፤ ውስጡ ግን አልጋ የለም፣ መድኃኒት መድኃኒት አይሸትም። ሐኪም የሚባለው ሰው ግድግዳ ላይ የሚወጣውን ጮክ ብሎ ያነባል። ለዚያ ሥራ ከሁለተኛ ደረጃ በኋላ ብዙ ዓመት ይማራል። ሄራንን የተቀበለቻት ወጣት ሐኪም ኤልዳና ትባላለች። ሁለት እጆቿን ከጋዋኗ ኪስ ውስጥ አስገብታለች፤ ትምህርት ቤት እንደዚያ ነው የሚያስለምዷቸው። ከጀርባዋ ግድግዳው ላይ በትልቁ "እጅ ያዝናል፤ የሚያዝን አይመዝንም" ተብሎ ተጽፏል።

"ጤነኛ ነዎት" አለች ኤልዳና። "እርምጃዎ ቀና ነው፤ የግጭት ምልክት የለም።"

"ቀና የሆነው ጭኔ የሯጭ ጭን ስለሆነ፣ አጥብቄ ስለያዝኩት ነው። ስዞር ይከዳኛል። ደረጃ ስወርድ ይከዳኛል።"

"'ይከዳኛል' የሚል ንባብ የለንም።"

"ጉልበቴን ግን እያዩት ነው?"

ኤልዳና ዐይኗን ወርወር አድርጋ አየችው። አብጧል። ይህን ለማየት ትምህርት አያስፈልግም። ዐይኗን ወደ ግድግዳው መለሰች።

"እኔ የማየው አይቆጠርም" አለች በጨዋነት።

"እሺ፣ ይንኩታ።"

ወጣቷ ሐኪም፣ እባብ ያዢ እንደተባለች ሁሉ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። "ንክኪ እኮ ቀርቷል!"

"የውስጥ ፎቶ ልነሣ።"

"የፎቶው መሣሪያ የሚከፈተው መዛኙ ከጠረጠረ ነው።"

"መቼ ነው የሚጠረጥረው?"

"ግጭት ሲያይ።"

ሄራን ልጅቷን አተኩራ አየቻት። ክፉ አልነበረችም። ክፉ ብትሆን ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ የሚያደርገውን ያውቃል። ይህቺ ግን በዐይኗ ያየችውን በራሷ ላይ ክዳ፣ በዚያ መካዷ ዲፕሎማ የተቀበለች ናት። ሄራን ይግባኝ እንደምትል ተናገረች። ኤልዳናም ደንቡን አነበበችላት። የይግባኝ ጉባኤው ካልተቀበላት በቀጣዩ ጨዋታ ሜዳ ላይ መገኘት አለባት፤ ካልተገኘች "ሐሰተኛ ታማሚ" ተብላ ከዳኝነት ትሰረዛለች፣ ወደፊትም የሚመጣባት ሕመም ሁሉ አይነበብም።

"ካንሰር ቢይዘኝም?"

"ያኔ ጤነኛ ነዎት" አለች ኤልዳና፤ የምታጽናናት መስሏት።

ስለ ዶክተር ያፌት የነገራት ማንም አልነበረም፤ ስማቸውን ሐዋሳ ውስጥ የማያውቅ የለም። ንክኪ ሲቀር የገዛ ታፔላቸውን በመዶሻ የሰባበሩ፣ ታቦር ተራራ ሥር ብቻቸውን የሚኖሩ፣ እብድ ናቸው የሚባሉ የአጥንት ሐኪም ናቸው። ሄራን ስትደርስ ለአባ ኮዳዎች የዓሣ ጭንቅላት እየወረወሩ ነበር። በዚያ ቁመታቸው ተሰልፈው የቆሙት መላጣ ወፎች ከጉባኤ ሽማግሌዎች ምንም አይለዩም።

ሽማግሌው ስትገባ አካሄዷን አዩ። ሰላምታ የለ ምን የለ፣ "ድምፅ ሰማሽ?" አሏት።

"ምን?"

"ሲሆን። ድምፅ ነበረው?"

"ነበረው።"

"ማንም አልነካሽም።"

"ማንም።"

"ያበጠው በዚያው ዕለት ነው ወይስ አድሮ?"

"ልብሴን ሳልቀይር።"

"ደም ነው። ስትዞሪ ይከዳሻል? የቆምሽበት መሬት የሸሸ ይመስልሻል?"

"ይመስለኛል" አለች ሄራን። ዐይኗን በእጅጌዋ ጠረገች፤ በዚህም ተናደደች። ካለቀሰች ዓመታት ሆኗታል። ግን ከወደቀች ጀምሮ የሆነውን ከራሷ ከአፏ የጠየቃት የመጀመሪያው ሰው ይህ አመለ ቢስ ሽማግሌ ነው።

አግዳሚ ወንበር ላይ አስተኟትና በመጀመሪያ ደህናውን እግሯን ያዙ። ጉልበቷን በጥቂቱ አጠፍ አድርገው፣ በአንድ እጃቸው ጭኗን ከጉልበቷ በላይ ጨበጡ፣ በሌላው ቅልጥሟን ከኋላ ይዘው ወደ ፊት ሳብ አደረጉት። አጥንቱ ትንሽ ሄዶ ቀጥ አለ፤ ገመዱ እንደ ተወጠረ በግ።

"ይህ ልክ ነው። ልጓም አለው" አሉ። ወደ ቀኙ ዞሩ። "አሁን ጭንሽን ልቀቂው። ልቀቂው አልኩሽ! እዚህ ማንም አይሰድብሽም።"

ስትለቀው ሳብ አደረጉት። አጥንቱ ሄደ። ያልቆለፉት መሳቢያ እንደሚመጣ ለስለስ ብሎ መጣ፤ የሚያቆመው ነገር አልነበረም። መሄዱ ለሄራን ራሷም ተሰማት።

"ከጉልበት ውስጥ፣ በመሀሉ ተጠላልፈው የሚያልፉ ሁለት ጅማቶች አሉ። መስቀለኛ ይባላሉ። የፊተኛው ተበጥሷል።"

"ፎቶ ሳያዩ እርግጠኛ ነዎት?"

"ፎቶ የምፈልገው ሌላ ምን እንደ ተጎዳ ለማየት ነው። ይህንንማ እጄ አይቶታል።" እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "በአጥንቶቹ መሀል እንደ ፍራሽ የተነጠፈ ነገር አለ። በዚህ ጉልበት በሮጥሽ፣ በዞርሽ ቁጥር እሱን እየፈጨሽው ነው የምትሄጂው። እሱ ካለቀ አጥንት ለአጥንት ነው። ይጠገናል፤ ግን የቀዶ ጥገናው በር ያለ ንባብ አይከፈትም።" ቀና ብለው አዩዋት። "ዳኛ ነሽ አይደል? በቴሌቪዥን አይቼሻለሁ። ማንም ሳይነካቸው የሚወድቁትን ልጆች በፊሽካ ታስነሻለሽ።"

"እኔ አይደለሁም የምወስነው።"

"አዎ" አሉ ዶክተር ያፌት። "ማንም አይደለም የሚወስነው።"

ስድብ ለምዳለች፤ ሺህ ሰው በአንድ ድምፅ ሰድቧት ራት በልታ ትተኛለች። ይህ ግን ዘልቆ ገባት። ልትወጣ ስትል ስለ ጉባኤው ጠየቀቻቸው።

"ሰብሳቢው ባስሊኤል ነው፤ ተማሪዬ ነበር። ጥሩ እጅ ነበረው፣ ከኔ የተሻለ። አሁን በዚያ እጁ ምን እንደሚሠራበት እግዜር ይወቅ።"

"ልለምነው?"

"አትለምኚው። የሚለመን ሰው ይኮራል። እጅህን አምጣ በይው፤ አለቀ።"

የይግባኝ ጉባኤው አዳራሽ ምንጣፉ እስከ ቁርጭምጭሚት ያሰጥማል። ሰብሳቢው ዶክተር ባስሊኤል ደልደል ያለ፣ ሽቶው ከርቀት የሚቀድመው ሰው ነው። ከግራና ከቀኙ የተቀመጡት አባላት ሥራቸው እሱ ራሱን ሲነቀንቅ መነቅነቅ ነበር። ንባቡ ተነበበ። ጤነኛ። እርምጃ ቀና። ግጭት አልተመዘገበም።

"የሚሉት አለ?" አለ ባስሊኤል።

ሄራን ተነሣች። በአንካሳ እግሯ ወደ ፊት ሄዳ፣ የውሃ ብርጭቆዎቹን ወደ ጎን ገፍታ፣ የጉባኤው ጠረጴዛ ላይ በጀርባዋ ተኛች። አንዲት አባል "ውይ!" ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። ሄራን ሱሪዋን እስከ ጭኗ ሰብስባ ጣሪያውን እያየች ተናገረች።

"ዶክተር ባስሊኤል፣ እጅዎን ይስጡኝ። ታሟል ይበሉልኝ አላልኩም። ይንኩትና የሚሰማዎትን ይናገሩ።"

"ንክኪ አይፈቀድም" አለ ከአባላቱ አንዱ።

"ሐኪሙ እንዳይነካ ነው የተከለከለው። ታማሚው ሲጠይቅም አይነካም የሚል ደንብ አለ?"

ተያዩ። የሚል ደንብ አልነበረም፤ እስከዚያ ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረምና።

ባስሊኤል ተነሣ። ለምን እንደ ተነሣ በኋላ ብዙ ተወርቷል። አንዳንዱ ሐሳዊነቷን ሊያጋልጥ ነው ይላል፤ ሄራን ግን ዐይኑን አይታዋለች፣ ኩራት ነበር። ጥሩ እጅ እንደነበረው ራሱም ያስታውሳል። ጠጋ ብሎ በመጀመሪያ ደህናውን ያዘ፤ ይህን አልረሳም። ሳበው፤ ቀጥ አለ። ወደ ቀኙ አለፈ። ጣቶቹ ቦታቸውን ፈልገው ሲያገኙ ለራሱም ገረመው።

ሳበው። አጥንቱ ሄደ።

የባስሊኤል ፊት ምንም አልሆነም፤ ጆሮው ግን ቀላ። እጁን ሳያነሣ ደግሞ ሳበው፣ ቀስ ብሎ፣ የጠፋበትን ነገር በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው። ደግሞም ሄደ። ከዚያ እጁን አነሣና መሀረብ አውጥቶ ጠረገው፤ ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

"ንባቡ ጸንቷል" አለ።

ሄራን ከጠረጴዛው ላይ ቀና አለች። "ተሰምቶዎታል እኮ።"

"የተሰማኝ አይመዘገብም።"

"ባይመዘገብም ተሰምቶዎታል።"

ባስሊኤል ወደ እሷ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ የሚያስረዳት መስሎት ነበር። "ይህን አንድ ጊዜ ከተቀበልኩ፣ ነገ ከተማው ሁሉ ጉልበቱን ይዞ እዚህ ይመጣል። ይገባሻል?"

"ገብቶኛል" አለች ሄራን። ሱሪዋን አወረደች። ይህን ያህል ትንሽ ሰው ነው እንዴ ስፈራ የኖርኩት ብላ ሳቋ መጣ፤ አልከለከለችውም። እየሳቀች፣ በዚያ በሚያሰጥመው ምንጣፍ ላይ እያነከሰች ወጣች። አባላቱ አሁንም እየነቀነቁ ነበር።

እሑድ ሜዳ ገባች። ጉልበቷን በፋሻ ጠፍራ አስራዋለች። ኬብሮን መስመሩ ላይ ሆኖ በጭንቀት ያያታል። የክብር ሰገነቱ ላይ ባስሊኤል ተቀምጧል፤ ፌዴሬሽኑ እንግዶቹን በምሳ ሲጋብዝ እሱ ቀርቶ አያውቅም። ሄራን ነፋች፤ ጨዋታው ተጀመረ። መሮጥ አልቻለችም፤ መሀል ሜዳ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ስድቡ እንደ ዝናብ ወረደባት።

ከዕረፍት በፊት ሶልያና ወደቀች። ሶልያና የሐዋሳ አጥቂ ናት፤ ገና ልጅ፣ ፈጣን፣ ከተማው የሚኮራባት፣ የውጭ ክለብ የጠየቃት። ኳስ ከአየር አውርዳ፣ በአንድ እግሯ አርፋ፣ ልትዞር ስትል ነው። አጠገቧ ሰው አልነበረም። ሄራን ቅርብ ስለነበረች እግሩ ተተክሎ ገላው ሲዞር አየችው፤ ከጩኸቷ በፊት አወቀች። ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ መዛኙ አስቁሚ አላት፤ ነፋች።

"ግጭት አልተመዘገበም" አለ ጆሮዋ። "ጉዳት የለም። ተጫዋቿን ያስነሡ። ይቀጥሉ።"

ሄራን ወደ ልጅቷ ሄደች። ሶልያና ሣሩን በጥርሷ ልትነክሰው ምንም አልቀራት። ወጌሻው ከመስመሩ ዳር "አረንጓዴ ነች!" ብሎ ጮኸ።

"ድምፅ ሰማሽ?" አለቻት ሄራን።

ልጅቷ በእንባ ውስጥ አየቻት። "እ... እንጨት እንደሚሰበር።"

"ዳኛ ሄራን፣ ይቀጥሉ።"

ሄራን ማዳመጫውን ከጆሮዋ ነቅላ ሣሩ ላይ ጣለችው። እጇን አነሣችና ወጌሻውን "ቃሬዛ አምጣ" አለችው። ቃሬዛው ግድግዳው ላይ በብረት ተቆልፎ ነበር፤ የሚፈታው ንባብ ቀይ ሲሆን ነው። ወጌሻው ይህን ሊያስረዳት አፉን ሲከፍት እሷ ተቀመጠች። በቃ፣ ሶልያና አጠገብ፣ የታሰረ እግሯን ዘርግታ፣ ፊሽካዋን በመዳፏ ጨብጣ ተቀመጠች። የሷ ፊሽካ ካልተነፋ ጨዋታው አይቀጥልም፤ ደንቡ ራሱ የፌዴሬሽኑ ነው።

ከዚያ ሰምታው የማታውቀውን ያህል ተሰደበች። እናቷ ተሰደበች፣ መንደሯ ተሰደበ። ጠርሙስ ተወረወረ። የፌዴሬሽኑ ሰዎች መጥተው በላይዋ ቆመው ለፈለፉ፤ አንዱ "በአገር ፊት አዋረድሽን" አላት፣ ሌላው ሌላ ዳኛ እየመጣ ነው ብሎ አስፈራራት። ሄራን የሶልያናን እግር በሁለት እጇ ደግፋ፣ እንዳታጥፈው እየነገረቻት፣ አንዱንም ቀና ብላ አላየችውም።

ያን ጊዜ ኬብሮን ባንዲራውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወረወረው ብል ደስ ባለኝ፤ አልወረወረውም፣ አጣጥፎ በቀስታ አስቀመጠው። ሜዳውን ተሻግሮ መጣና ልጅቷን በእቅፉ አነሣት። ፊቱ አመድ መስሏል። "ወዴት ነው የምወስዳት?" አለ።

"ታቦር ሥር። ዶክተር ያፌት ጋ።"

የክብር ሰገነቱ ላይ ያለው የባስሊኤል ወንበር ባዶ ነበር።

ሄራን በዚያው ሳምንት ከዳኝነት ተሰረዘች፤ ምክንያቱ ሕመም ሳይሆን "ሜዳ ላይ መቀመጥ" ነው። ኬብሮን ለጊዜው ታገደ። የከተማው ሰው ሄራንን መንገድ ላይ ሲያያት ያፏጭባት ነበር። አንድ ዳቦ ሻጭ ዳቦ አልሸጥልሽም አላት፤ ጨዋታው ቡድኑ እየመራ ሳለ ስለተቋረጠ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው በባዕዳን በኩል ነው፤ የኛ ሰው ራሱን ማመን የሚጀምረው ሁልጊዜ ከውጭ ሲነገረው ነውና። ሶልያናን የጠየቀው የውጭ ክለብ ሐኪሞች የመዛኙን ንባብ አንቀበልም አሉ፤ ልጅቷን ወስደው በእጃቸው መረመሯት፣ ፎቶ አነሷት። የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ተበጥሷል። ዜናው ደረሰ። ከዚያ ከንባብ ቤቱ አዋጅ ወጣ። መዛኙ ተሻሽሏል፤ "ግጭት አልባ ጉዳት" የሚባል እስካሁን በዓለም ያልታወቀ ሕመም ተገኝቷል፤ ያገኘውም ዶክተር ባስሊኤል ነው። ሜዳሊያ ተሸለመ። ንግግር አደረገ። ዶክተር ያፌት በሥነ ሥርዓቱ ላይ እንዲገኙ ተጋብዘው ነበር፤ የላኩት መልስ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

በአዲሱ ንባብ መጀመሪያ ከሚጠገኑት ውስጥ የሄራን ስም ወጣ። ልትቀር አሰበች። ኬብሮን ግን ቤቷ መጥቶ፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አደረገ። "በነሱ ተናደሽ እድሜሽን ሙሉ ልታነክሺ ነው?" አላት። እውነቱን ነው። ሄደች። ፎቶው ሲነሣ ጅማቱ ብቻ ሳይሆን ፍራሹም ተፈጭቶ ተገኘ፤ ጉባኤው "ጸንቷል" ካለ በኋላ ስለቆመችበትና ስለተራመደችበት ነው። ጅማቱን ሠሩላት። ፍራሹን ግን ከፊሉን ቆርጠው ጣሉት። ከእንግዲህ ትራመዳለች፤ አትሮጥም።

ካሜራ ይዘው የመጡት አልጋዋ ላይ እያለች ነው። ባስሊኤል ሜዳሊያውን አንጠልጥሎ ከፊት ገባ፤ ከኋላው ኤልዳና፣ ሌሎች ሐኪሞች፣ አንዲት ፈገግታዋ የማይታጠፍ ጋዜጠኛ።

"ሳይንስ እንዲህ ነው የሚያድገው" አለ ባስሊኤል ለካሜራው፤ ቀጥሎ ወደ አልጋው ጠጋ ብሎ እጁን ለሰላምታ ዘረጋላት። ቀኝ እጁን።

ሄራን እጇን ከብርድ ልብሱ አላወጣችም። እጁ በአየር ላይ ቀረ። ጋዜጠኛዋ ማይክሮፎኑን አቀረበች።

"ዳኛ ሄራን፣ በግኝቱ የመጀመሪያዋ ተጠቃሚ ነዎት። ምን ተሰማዎት?"

"እኔን አትጠይቂኝ" አለች ሄራን። ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር። "እሱን ጠይቂው። ከግኝቱ በፊት፣ በጉባኤው ጠረጴዛ ላይ፣ በዚህ በዘረጋው እጁ ጉልበቴን ይዞ ስቦታል። ያኔ ነው የተሰማው። ምን እንደ ተሰማው ይንገርሽ፣ ለእኔም እስካሁን አልነገረኝም።"

የጋዜጠኛዋ ፈገግታ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። ካሜራ ያዡ ሳያስበው ወደ ባስሊኤል ዞረ። ኤልዳና የቆመችበት ሆና ሰብሳቢውን ትክ ብላ አየችው፤ ሌሎቹም አዩት።

"ሕመምተኛዋ ደክሟታል" አለ ባስሊኤል። "አጥፉት።"

ካሜራው ወረደ። ሄራን ግን ዐይኗን ከእጁ ላይ አልነቀለችም፤ ባስሊኤል እጁን አጥፎ፣ ሜዳሊያው ሥር አሳልፎ፣ ኪሱ ውስጥ እስኪደብቀው ድረስ።